የመታሰቢያ ገንዘብ ዋጋና የወለጋ ሚዛን

ገንዘብ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው መሸጫና መለወጫ መሆን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የአንድን ዘመን ስም፣ የአንድን መንግሥት ምልክትና የአንድን ሕዝብ ፊደል በብረት ላይ ተሸክሞ ለመጪው ትውልድ ማድረስ ነው። የመጀመሪያውን አገልግሎት ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁለተኛውን የሚጠብቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እነርሱም ከገበያ የወጣውን፣ የተረሳውንና መልኩ የደበዘዘውን ገንዘብ እየለቀሙ፣ ዘመኑን እየለዩ በሥርዓት የሚያኖሩ ሰብሳቢዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች አንድ ከባድ ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ይኸውም ልዩ ልዩ መንግሥታት አንድን ታላቅ ቀን፣ አንድን ስመ ጥር ሰው ወይም አንድን ብርቅ አውሬ ለማሰብ ከወርቅና ከብር የሚያሳትሙት የመታሰቢያ ገንዘብ ዋጋው ከዘመን ወደ ዘመን እየናረ መሄዱ ነው። በላዩ ላይ የተጻፈው ቍጥር አንድ ነገር ይላል፤ የብረቱ ዋጋ ሌላ ነገር ይላል፤ ሻጩ የሚጠይቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ይበልጣል። በደመወዝ የሚተዳደር መምህር ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አንዱን የወርቅ መታሰቢያ ለመግዛት የብዙ ወራት ቍጠባውን ማውጣት ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ ይግዛ ወይስ ይተው? ቢገዛስ ምን አገኘ፤ ቢተውስ ምን አጣ?

እኛ ለዚህ ጥያቄ መልስ የምንፈልገው ከሩቅ ሀገር ነጋዴዎች የዋጋ መዝገብ ብቻ ሳይሆን ከወለጋ ታሪክም ነው። ይህንም የምናደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። ወለጋ ወርቅ ከምድሩ የሚወጣበት፣ ብር ከውጭ የሚገባበት፣ ሁለቱም በአንድ ሚዛን ላይ የሚገናኙበት ሀገር ስለ ነበረ፣ የነቀምቴና የአካባቢዋ ሰዎች የገንዘብን ስም ከገንዘብ ክብደት ለይቶ ማየትን በሥራ ተምረውት ነበርና ነው።

በ1870ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የለቃ ነቀምቴው ገዢ ሞሮዳ በከሬ ለንጉሥ ምኒልክ በገቡ ጊዜ፣ ሀገሪቱ በውስጥ አስተዳደሯ በራሷ ባላባት እየተመራች ለማዕከላዊው መንግሥት ግብር እንድታስገባ ሆነ። ልጃቸው ኩምሳ ሞሮዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በ1880ዎቹ መግቢያ ሥልጣኑን ተረክበው ይህንኑ ሥርዓት ቀጠሉ። ከእነርሱ በስተምዕራብ በቄለም ጆቴ ቱሉ ይገዙ ነበር። ከእነዚህ ሀገሮች ወደ ቤተ መንግሥት ይሄድ ከነበረው ግብር ዋነኛው ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበረ።

ወርቁ የሚመዘነው በወቄት ነው። ወቄት ማለት የአንድ ማርያ ትሬዛ ብር ክብደት ሲሆን ወደ 28 ግራም ይጠጋል። ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። ሕዝቡ ጠገራ ብር እያለ የሚጠራው ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ መገበያያ ብቻ ሳይሆን በሚዛን ላይ መለኪያም ነበር ማለት ነው። ወርቅ በአንድ ወገን፣ ብር በሌላ ወገን ሆነው ሲመዘኑ ያየ ሰው፣ የገንዘብ ዋጋ በተጻፈበት ቃል ብቻ የሚቆም አለመሆኑን አይረሳውም።

ስለ ጠገራው ብር ራሱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ክብደቱ 28.0668 ግራም ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከስድስት እጅ አምስቱ እጅ ጥሩ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። በላዩ የተጻፈው ዓመት ዘወትር በአውሮፓ አቈጣጠር 1780 ነው፤ ይኸውም ንግሥቲቱ ያረፉበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው የታተመው ሁሉ ይህንኑ ቍጥር እንደ ያዘ ቀረ። የላቲኑን ጽሕፈት ማንበብ የማይችለው ገበያተኛ ምልክቱን ግን አጥርቶ ያውቅ ነበር። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻቸው ላይ ባለው ማያያዣ የተደረደሩትን ዕንቍዎች ይመረምራል፤ ከምስሉ በታች ያሉትን ኤስና ኤፍ የተባሉትን ፊደላት ይፈልጋል፤ ፊቱ የተበላውን አልቀበልም ይላል። ዛሬ የገንዘብ ሰብሳቢዎች በአጕሊ መነጽር የሚያደርጉትን ምርመራ፣ ያን ጊዜ ተራው ሰው በዐይኑና በጣቱ ያደርገው ነበር።

ለአነስተኛው ግብይት ከአፋር በረሓ የሚመጣው አሞሌ ጨው ያገለግል ነበር። አሞሌ ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በምዕራብ ገበያዎች ከሰሜን ይልቅ ውድ ነበር። ከዚህም ሰዎቹ ሌላ ትምህርት አግኝተዋል፤ አንድ ዕቃ በአንድ ሀገር ርካሽ፣ በሌላው ብርቅ ሊሆን እንደሚችል፣ የዋጋውም ልዩነት ከመንገዱ ርዝመት የሚመጣ መሆኑን ተረድተዋል። የዛሬው ሰብሳቢም በሩቅ ሀገር የታተመ መታሰቢያ ሲገዛ ከሚከፍለው ውስጥ አንዱ ክፍል የመንገዱ ዋጋ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው ዐፄ ምኒልክ በየካቲት ወር 1885 ዓ.ም. በዐዋጅ የኢትዮጵያ ገንዘብ እንዲሠራ ያዘዙት። ገንዘቡ በፓሪስ ከተማ ታትሞ፣ የ1887 ዓ.ም. ቍጥር ተጽፎበት፣ በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፣ በሌላው ወገን የይሁዳን አንበሳ ይዞ መጣ። ከብሩ በታች አላድ፣ ሩብና ሌሎች ክፍልፋዮች፣ በመጨረሻም ገርሽ ወጡ። ዛሬም በኦሮምኛ ገንዘብ ቀርሺ መባሉ ከዚሁ ስም ጋር ዝምድና አለው። በ1889 ዓ.ም. ቍጥር ደግሞ የወርቅ ገንዘብ ተሠራ።

የምኒልክ ብር ክብደቱ 28.075 ግራም፣ ጥራቱም ከሺሕ እጅ 835 እጅ ነበር። ስናሰላው በውስጡ 23.44 ግራም ጥሩ ብር ሲገኝ፣ በማርያ ትሬዛ ብር ውስጥ የሚገኘው 23.39 ግራም ነው። እንግዲህ በብረቱ በኩል የኢትዮጵያው ገንዘብ ከባዕዱ በጥቂት ቢበልጥ እንጂ አያንስም ነበር። በክብሩ በኩልማ ምን ይወዳደረዋል? ዳሩ ግን ገበያው የለመደውን አልተወም። አዲሱ ገንዘብ በብዛቱ ከአሮጌው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም፤ በቀይ ባሕርና በዐረብ ሀገር ያሉት ነጋዴዎችም የሚያውቁት ማርያ ትሬዛን ነው። በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በባሮና በአባይ በኩል ወደ ሱዳን መሄድ በጀመረ ጊዜ፣ በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረውም የአቢሲኒያ ባንክ በዚያው አቅጣጫ እጁን በዘረጋ ጊዜ፣ በምዕራቡ ሀገር ጠገራው ብር ገና በርትቶ ይሠራበት ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬው ጕዳያችን አንድ ነገር እናገኛለን። በገንዘብ ላይ የተቀረጸው ክብር በዐዋጅ ብቻ ወደ ዋጋ አይለወጥም። የምኒልክ ብር በዘመኑ በገጠር ገበያ ከጠገራው በታች ሆኖ ነበር፤ ዛሬ ግን የኢትዮጵያን ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ከተራው ጠገራ ብር አብልጦ ይፈልገዋል። ብረቱ አልተጨመረም፤ የተጨመረው ታሪኩ ነው። ያ ታሪክ ደግሞ ከማተሚያው ጋር አብሮ የመጣ ሳይሆን፣ ገንዘቡ በሰው እጅ ሲዞር፣ ሲከበርና ሲናቅ፣ ሲቀበርና ሲወጣ ያገኘው ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የመጣው ከብር ዋጋ መውጣትና መውረድ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በለንደን ገበያ አንድ አውንስ ብር በ27 ፔኒ ገደማ ይሸጥ ነበር። በየካቲት ወር 1912 ዓ.ም. ግን እስከ 89 ፔኒ ተኩል ደረሰ፤ ይኸውም ከሦስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ወዲያውም ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ወደቀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የብር ገንዘብ ለመገበያያነቱ ሳይሆን ለብረቱ ይፈለጋል፤ ወደ ማቅለጫም ይገባል። የዋጋውን መውጣት አይቶ የገዛ ሰው ሲወርድ ይከስራል፤ ለማቅለጥ የቸኰለ ሰው ደግሞ ዋጋው ቢመለስም የጠፋውን ገንዘብ መልሶ ሊያገኘው አይችልም።

የጠገራው ብር ታሪክ በዚህ አላበቃም። ጣልያን ኢትዮጵያን ለመውረር በተዘጋጀች ጊዜ በ1927 ዓ.ም. የማርያ ትሬዛን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ማሳተም ጀመረች። ከዚህም የተነሣ የለንደን፣ የፓሪስና የብራስልስ ማተሚያ ቤቶች ተከተሏት፤ በ1933 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በቦምቤይ ታተመ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ የነቀምቴ ወይም የሻምቡ ቤት ሣጥን ውስጥ የሚገኝ 1780 የተጻፈበት ብር ከእነዚህ ከተሞች በአንዱ የተሠራ ሊሆን ይችላል። በላዩ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው፤ የዕንቍዎቹ አቀማመጥ፣ የንስሩ ላባና የፊደላቱ ቅርጽ ግን የተሠራበትን ስፍራና ዘመን ይገልጣል። ባለቤቱ ሁሉንም አንድ አድርጎ ለብር ሠሪ ከሰጠ፣ ከእነርሱ ጋር የወረራው ዘመን ምስክርም አብሮ ይቀልጣል።

ከወረራው አስቀድሞ በ1923 ዓ.ም. ከኒኬልና ከመዳብ የተሠራው በመቶኛ የተከፈለ ገንዘብ ወጥቶ ነበር። ከነጻነት መመለስ በኋላ ደግሞ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ከወረቀትና ከሳንቲም ጋር በሥራ ላይ ዋለ። ሕዝቡ ለወረቀት ገንዘብ ያለውን ጥርጣሬ ለማስወገድ የ50 ሳንቲሙ ከብር ተሠራ፤ ለዚህም 5,430,000 አውንስ ብር ከአሜሪካ መንግሥት በጦርነቱ ዘመን የእርዳታ ሕግ መሠረት ተገኘ። ሕጉም አንዱን የኢትዮጵያ ብር በጥቂት ወርቅ ለክቶ ወሰነው፤ ልኩም 0.36 ግራም ያህል ጥሩ ወርቅ ነበር። ይህን ቍጥር አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ከዚህ በታች ያስፈልገናልና።

አሁን ወደ መታሰቢያው ገንዘብ እንመጣለን። በ1958 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን 75ኛ የልደትና 50ኛ የመንግሥት ዓመት ለማሰብ የ10፣ የ20፣ የ50፣ የ100ና የ200 ብር የወርቅ ገንዘብ ታተመ። ጥራቱ ከሺሕ እጅ 900 እጅ ሲሆን ክብደቱ በየተራ 4፣ 8፣ 20፣ 40ና 80 ግራም ነው። በወለጋ ሚዛን ብናየው ትልቁ ሦስት ወቄት ሊሞላ ጥቂት ይጐድለዋል። እነዚህን ቍጥሮች አስተያይቶ የሚያሰላ ሰው አንድ መልካም ነገር ያገኛል። የ10 ብሩ 3.6 ግራም፣ የ200 ብሩም 72 ግራም ጥሩ ወርቅ አለው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ብር ስም 0.36 ግራም ወርቅ ተቀምጧል። ይህም በ1937ቱ ሕግ ከተወሰነው ጋር የሚስማማ ነው።

ሒሳቡን በሌላ መንገድም ማረጋገጥ ይቻላል። በዚያን ዘመን የአንድ አውንስ ወርቅ የታወቀ ዋጋ 35 የአሜሪካ ዶላር፣ የአንድ ዶላርም ምንዛሪ 2.50 የኢትዮጵያ ብር ነበር። በዚህ ዋጋ 72 ግራም ወርቅ ወደ 202 ብር ተኩል ያወጣል። እንግዲህ የ200 ብሩ ገንዘብ 200 ብር ነኝ ሲል እውነት ተናገረ። ስሙና ብረቱ በሚዛን ላይ እኩል ቆሙ። መታሰቢያነቱ በዚያ ላይ የተጨመረ ሥነ ሥርዓት ነበር እንጂ ዋጋን መሸፈኛ አልነበረም።

ይህ እኩልነት ግን ዘመኑ አልቈየም። ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ዶላርን በወርቅ መለወጥ አቆመ፤ ወርቅም ከ35 ዶላር ልጓሙ ተፈታ። በ1964 ዓ.ም. ቍጥር ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ዐፄ ዮሐንስን፣ ዐፄ ምኒልክን፣ ንግሥት ዘውዲቱንና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሚያሳይ የብርና የወርቅ መታሰቢያ ወጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1970 ዓ.ም. ቍጥር፣ ብርቅ አራዊትን ለማስጠበቅ በብዙ ሀገሮች ከታተመው ተከታታይ መታሰቢያ ጋር ሦስት የኢትዮጵያ ገንዘቦች ወጡ፤ የ10 ብሩ ጢም ያለውን አሞራ፣ የ25 ብሩ የደጋ አጋዘንን፣ የ600 ብሩ የወርቅ ገንዘብ ደግሞ ዋልያን ያሳያል።

በዋልያው ላይ ያንኑ ሚዛን እንዘርጋ። ክብደቱ 33.437 ግራም፣ ጥራቱ ከሺሕ እጅ 900 እጅ ነው። ጥሩው ወርቅ 30 ግራም ያህል ይሆናል። በ1958ቱ ልክ ቢሆን ኖሮ ለ600 ብር 216 ግራም ወርቅ ይገባው ነበር፤ የተሰጠው ግን ከሰባት እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ነው፣ በመካከሉ ወርቅ ራሱ ተወዷል፤ ስለዚህ የድሮውን ልክ መጠየቅ ፍርድ ማጓደል ነው። በዚያው በ1970 ዓ.ም. በነበረው ዋጋ እንየው። አንድ አውንስ ወርቅ ከ150 እስከ 200 ዶላር ገደማ ሲሸጥ፣ ዶላሩም በ2.07 ብር ሲመነዘር፣ የዋልያው ወርቅ ከ300 እስከ 400 ብር ያወጣል። በላዩ የተጻፈው ግን 600 ነው። እነሆ ስምና ብረት የተለያዩት እዚህ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የመታሰቢያው ዋጋ መሆኑ ነው፤ ይኸውም የቀራጩ ጥበብ፣ የብዛቱ ማነስ፣ እንደ መስተዋት የሚያበራው የልዩ አታተሙ ድካም፣ ሣጥኑ፣ የምስክር ወረቀቱና የሻጩ ትርፍ ተደምሮ ነው።

የተጻፈው ቍጥርም ከዚያ ወዲህ ሌላ ዕጣ ደረሰበት። በመስከረም 1985 ዓ.ም. ዶላሩ 5 ብር ሆነ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ በዚህ ልክ 600 ብር 6 ዶላር እንኳ አይሞላም። ወርቁ ግን በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ባንድ አውንስ ከ4,000 ዶላር በላይ ዋለ። እንግዲህ ያ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የ200 ብር ገንዘብ በዚህ ልክ ወርቁ ብቻ ከ9,000 ዶላር በላይ ያወጣል ማለት ነው። አዲስ የሚታተመው የወርቅ መታሰቢያ ሁሉ ከዚህ ዋጋ ይነሣል፤ የጥበቡና የትርፉ ድርሻም በላዩ ይጨመራል። የሰብሳቢው እሮሮ ምንጩ ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «እንዲህ ከሆነማ መግዛት ይጠቅማል፤ በ1958 ዓ.ም. የገዛ ሰው ባለጸጋ ሆኗል» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የጠቀመው ምን እንደ ሆነ መመርመር ያሻል። ከፍ ያለው ወርቁ ነው። በዚያው ዓመት ያንኑ ያህል ወርቅ በቀለበት ወይም በአምባር አሠርቶ ያኖረ ሰው በወርቁ በኩል ያንኑ ትርፍ አግኝቷል። መታሰቢያው ብቻውን ያስገኘውን ጥቅም ማወቅ የሚፈልግ ሰው፣ ከመሸጫው ዋጋ ላይ የብረቱን ዋጋ ይቀንስ፤ የተረፈውንም ሲገዛ ከብረቱ በላይ ከከፈለው ጋር ያስተያይ። በ1958 ዓ.ም. ስሙና ብረቱ እኩል ስለ ነበሩ፣ በስሙ ዋጋ የገዛ ሰው ለመታሰቢያው የከፈለው ጥቂት ነው። ዛሬ ከብረቱ በላይ ብዙ ጨምሮ የሚገዛ ሰው ግን ያን ጭማሪ የሚመልስለት ሌላ ሰብሳቢ እንጂ ማቅለጫው ወይም ባንኩ አይደለም።

ይህን ስንል የመታሰቢያ ገንዘብ ከንቱ ነው ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። በአንድ ጠባብ ክብ ብረት ላይ ዋልያን በገደሉ ላይ ማቆም ትልቅ ጥበብ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን መልክ በእጁ ይዞ የተመለከተ ተማሪ ከመጽሐፍ ያላገኘውን ስሜት ሊያገኝ ይችላል። መንግሥትም ከመታሰቢያ ሽያጭ የሚያገኘው ገቢ ለመልካም ሥራ ሊውል ይችላል። እኛ የምንለው፣ ሰብሳቢው ሦስቱን ነገሮች ማለትም የተጻፈውን ቍጥር፣ ብረቱንና መታሰቢያውን ለየብቻ ይመዝን ነው። በብረቱ ተመክቶ የመታሰቢያውን ዋጋ እንዳይረሳ፣ በመታሰቢያውም ተማርኮ የብረቱን ልክ እንዳያጣ ያስፈልጋል። ለሥዕሉ ውበት የሚገዛ ሰው ለውበቱ ከፈለ፤ ደስታውንም አገኘ። ለሀብት ማቈያ የሚገዛ ሰው ግን ግራሙን፣ ጥራቱንና የዕለቱን ዋጋ ጠይቆ፣ ከዚያ በላይ የሚከፍለውን በውል ይወቅ። የወለጋ ገበያተኛ ዕንቍዎቹን ሳይመረምር ብር አይቀበልም ነበርና፣ የልጅ ልጁ ሣጥኑን አይቶ ብቻ መግዛት አይገባውም።

ከዚህ ቀጥሎ የምንናገረው ግን ከዋጋ ክርክር የሚበልጥ ነው። የመታሰቢያ ገንዘብ አንድን ነገር እንድናስብ ታስቦ በማተሚያ ቤት የተሠራ ነው። አብዛኛው በኢትዮጵያ ገበያ አልዞረም፤ ከማተሚያው ወደ ሣጥን፣ ከሣጥኑ ወደ ውጭ ሀገር ሰብሳቢ እጅ ሄደ። በአንጻሩ ጠገራው ብር፣ የምኒልክ አላድ፣ የ1923ቱ መዳብ፣ የ1936 ዓ.ም. ቍጥር ያለበት የብር 50 ሳንቲም ማንም መታሰቢያ ይሁኑ ብሎ አልሠራቸውም፤ ነገር ግን የሕዝቡን ኑሮ ያስታውሳሉ። ቡና ተሸጦባቸዋል፤ ግብር ተከፍሎባቸዋል፤ ለሙሽራ ጥሎሽ ተሰጥተዋል፤ በአንገት ጌጥነት ተሰክተዋል። ቀዳዳ የተበሳበት ብር በነጋዴ ዐይን የተበላሸ ነው፤ በታሪክ ተማሪ ዐይን ግን አንዲት ሴት ሀብቷን በአንገቷ ላይ እንዳኖረች የሚመሰክር ሰነድ ነው።

አደጋውም ያለው በዚሁ ላይ ነው። የብርና የወርቅ ዋጋ በናረ ቍጥር አዲሱን መታሰቢያ መግዛት ከባድ የሚሆነውን ያህል፣ አሮጌውን ገንዘብ ማቅለጥ ይቀላል። ሰብሳቢው በአዲሱ ገንዘብ ዋጋ ሲጨነቅ፣ በጎረቤቱ ቤት ከአያት የተወረሰ ብር በክብደት ተሸጦ መስቀልና አምባር ይሆናል፤ ወይም በተጓዥ ኪስ ከሀገር ይወጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥበቃ ዐዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ቅርስ መሆኑን ያላወቀውን ነገር ዐዋጅ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም። አዲሱ መታሰቢያ ዛሬ ባይገዛ ነገ በሌላ ሰው ሣጥን ውስጥ ይገኛል፤ የቀለጠው ብር ግን የትም አይገኝም።

ስለዚህ በወለጋ ከተሞች ለሚኖር፣ ገቢው የተወሰነ ለሆነ ሰብሳቢ ምክራችን ይህ ነው። ለአንድ አዲስ የወርቅ መታሰቢያ ሊያወጣው ካሰበው ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሶ በአካባቢው ወደ ማቅለጫ ሊሄድ የተዘጋጀውን አሮጌ ገንዘብ ያድን። ገንዘቡንም ባገኘ ጊዜ ከማን ቤተሰብ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ ለምን አገልግሎት ይውል እንደ ነበረ ከባለቤቱ ጠይቆ በአንድ ደብተር ይጻፍ። መልኩን አብርቶ ለማሳመር ብሎ በአመድና በአሸዋ አይፈትገው፤ የተፈተገ ገንዘብ የፊደሉን ጥራትና የዕድሜውን መልክ ያጣልና። የጻፈው ደብተር ከገንዘቡ ጋር አብሮ ካልተላለፈ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚቀረው ብረት ብቻ ይሆናል።

መምህራንም ትልቅ ድርሻ አላቸው። አንድ ጠገራ ብር፣ አንድ ትንሽ ሚዛንና አንድ የታሪክ መምህር ባሉበት ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎች የቁጥር ትምህርትን፣ የንግድን መንገድና የሀገራቸውን ታሪክ በአንድ ሰዓት ሊማሩ ይችላሉ። ወቄት ምን እንደ ሆነ በእጃቸው መዝነው ያወቁ ልጆች፣ ከኩምሳ ሞሮዳ ግቢ ወደ ቤተ መንግሥት ስለ ሄደው ወርቅ ሲያነቡ ቃሉ ባዶ አይሆንባቸውም። በነቀምቴ የወለጋ ሙዚየምና የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ያሉ በመሆናቸው፣ ከየቤቱ የሚገኘው ገንዘብ ከነታሪኩ ማረፊያ አያጣም። ቤተሰቡ ሊለየው ባይፈቅድ እንኳ፣ ፎቶግራፉና የደብተሩ ግልባጭ ሊቀመጥ ይችላል።

ወርቅ ወደ ፊትም ይወጣል፤ ይወርዳልም። መንግሥታትም ገና ብዙ መታሰቢያ ያሳትማሉ፤ ዋጋቸውም ለአንዳንዱ ይቀላል፣ ለብዙዎቹ ይከብዳል። ሰብሳቢ የሆነ ሰው አቅሙ ከፈቀደለት ይግዛ፤ ካልፈቀደለት ግን ከሰብሳቢነት ክብሩ አንዳች አልጐደለም። የሰብሳቢ ክብር በከፈለው ገንዘብ ብዛት የሚለካ ሳይሆን፣ እርሱ ባይኖር ኖሮ ይጠፋ በነበረው ነገር የሚለካ ነው። በሚዛኑ አንድ ወገን አዲሱን መታሰቢያ፣ በሌላው ወገን ሊቀልጥ የተቃረበውን የአባቶች ብር አድርገን ስናየው፣ ዛሬ ፈጥኖ እጃችንን የሚሻው ሁለተኛው ነው።